«ኦሪጂናሉን ገደልከው!»

ሰሞኑን ወንጀለኛ ሆኛለሁ። ወንጀሌም የአሮጊቷ ቮልሴ ዳሽቦርድ ላይ ከሽንብራ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ቀይ መብራት ማስገጠሜ ነው።

«ምን ነካህ? የ1965 ሞዴል ብረት ይበሳል? ኦሪጂናሉን እኮ ገደልከው!» አለኝ አንዱ የቮልስ ወዳጅ፣ ለቅሶ ቤት የመጣ ይመስል ራሱን እየነቀነቀ። ሌላው ደግሞ እዚያው ቆሞ ዋጋዋን በግማሽ ቀነሰልኝ። ኧረ እኔ ልሸጣት አላልኩም!

እስቲ ለክሱ መልስ ልስጥ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል እየወረድኩ ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ ሰተት ብሎ ወለሉ ላይ ተኛ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ያው ነው። ከፊቴ እንጨት የተሸከሙ ሁለት እናቶች መንገዱን እያቋረጡ ነው። ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን በሞት ሽረት ሳብኩ፣ መሪውን ወደ ግንቡ አዞርኩ። ቮልሴ ከእናቶቹ ሦስት እርምጃ ያህል ሲቀራት ግንቡን ታክካ ቆመች። አንደኛዋ ሸክማቸውን እንኳ ሳያወርዱ፣ «ምነው ልጄ፣ አላየኸንም እንዴ?» አሉኝ።

አይቻቸዋለሁ። ያላየሁት የፍሬን ዘይቱን ነበር።

ለካ የአንዱ የኋላ ጎማ ጎሚኒ ተበልቶ፣ ዘይቱ ለሳምንታት ጠብ ጠብ ሲል ከርሟል። የኔዋ ቮልስ የፍሬን መስመሯ አንድ ብቻ ነው፤ በአንዱ ጎማ ካፈሰሰ አራቱም ባዶ ይቀራሉ። ለአሜሪካ ገበያ የሚላኩት እንኳ ሁለት መስመር ያገኙት ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ነው። የዘይቱ መያዣ ደግሞ ከፊት ኮፈን ሥር፣ ከስኮርታው ጎማ ጀርባ ተሸሽጓል። በየማለዳው ኮፈን ከፍቶ እዚያ ድረስ የሚያጎነብስ ጻድቅ ካለ እጁን ያውጣ!

መፍትሔው ቀላል ነው። በመያዣው ክዳን ላይ ተንሳፋፊ ያለው ማብሪያ ይገጠማል። ዘይቱ ሲጎድል ተንሳፋፊው አብሮ ይወርዳል፣ ሽቦዎቹ ይገናኛሉ፣ ቀይዋ ትበራለች። ቮልሴ ባለ 6 ቮልት ስለሆነች አምፖሉም ባለ 6 ቮልት ነው፤ የ12 ቢሆን ደብዝዞ በፀሐይ አይታይም ነበር። መፈተሻ ቁልፍም አስጨምሬበታለሁ። አምፖሉ ራሱ ተቃጥሎ ዝም ሲል «ሰላም ነው» ብዬ እንዳልተረጉመው።

አሁን ወደ «ኦሪጂናል» እንምጣ። ለመሆኑ ኦሪጂናሉ የትኛው ነው? ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ማምረቱ እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ እየተለወጠች። የኋላ መስኮቷ መጀመሪያ ለሁለት የተከፈለ፣ ቀጥሎ እንደ እንቁላል ሞላላ፣ በኋላም ባለ አራት ማዕዘን ሆኗል። በ1950ዎቹ የተሠራችው የቤንዚን መለኪያ እንኳ አልነበራትም፤ ሞተሩ ማንቋረር ሲጀምር ሾፌሩ በእግሩ የመጠባበቂያውን ቧንቧ ይከፍት ነበር። ታዲያ ፋብሪካው ራሱ መለኪያ ሲጨምር ኦሪጂናሉን ገደለ ሊባል ነው?

ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ያገላበጠ ያውቃል፤ የተዘለለች ቃል ካለች ከመስመሩ በላይ ወይም ኅዳጉ ላይ ትገባለች። ያቺ እርማት ብራናውን አላረከሰችውም። እንዲያውም የተጨነቀለት አንባቢ እንደነበረው ትመሰክራለች።

በእርግጥ ጌጥ መለጠፍን እኔም እጠላለሁ። የቮልስን ፊት ባለ ቀለም አምፖል ደርድሮ የሠርግ ዳስ የሚያስመስል ሰው ሲያጋጥመኝ እኔም አብሬ አለቅሳለሁ። ጌጥና ማስጠንቀቂያ ግን ለየቅል ናቸው። ብረት መብሳት ያልሆነለትም መብራቷን ከዳሽቦርዱ ሥር ያንጠልጥላት።

እኔ የምጠረጥረው ግን ሌላ ነው። እኛ የምንጠላው ቀዳዳውን ሳይሆን ክፉ ወሬ የሚነግረንን ነው። መኪና ሊሸጥ ሲል የማስጠንቀቂያ አምፖል የሚያስነቅል ስንት አለ! «ይቺ ግድግዳ ተሰንጥቃለች» ያለውን «አታሟርት!» ብለን አፉን እናስይዘዋለን። ግድግዳው የወደቀ ዕለት ደግሞ ሁላችንም «እኔ እኮ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ባዮች ነን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ፣ ቅጠል የያዘውን ሰው ሟርተኛ ሲል አይገርምም?

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ፍርዳችሁን ተቀብያለሁ፤ ይግባኝም አልልም። የቮልሴ ዋጋ ከወረደ ይውረድ። ዘይቷ ሲወርድ ግን ልወቅ።