ውሰትና መመለስ

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ! ማዋስና መመለስ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የሚያውስ ባለቤት ነው፤ የሚመልስ ግን የሰው ንብረት በእጁ የተገኘበት ነው። ይህን ልዩነት ያልለየ ሕዝብ ንብረቱን ሳይሸጥ ያጣል።

ይህን የምጽፈው በኩታበር ሆኜ ነው። ከደሴ ወደ ደላንታ የሚወስደው መንገድ በዚህ ያልፋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ፣ የናፒየር ጦር አምባውንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዘረፈ። ብዝበዛውንም በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ በደላንታ ሜዳ ሁለት ቀን በሐራጅ ሸጠው። ከገዢዎቹ ዋነኛው ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምዝ ነበረ። እንግዲህ ቤተ መዘክሩ «በቅንነት ገዛሁ» ሊል አይችልም፤ ገዢው ከዘራፊው ጋራ ዘምቶ መጥቷልና።

በ2010 ዓ.ም. በሎንዶን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን ዘውድና የወርቅ ጽዋ ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፣ ዲሬክተሩ ዕቃዎቹ ለረዥም ጊዜ በውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊሄዱ ይችላሉ አሉ። ከወገኖቻችንም «ከምንም ይሻላል» የሚሉ አሉ። እኔ ግን አልስማማም። የገበሬን በሬ የነዳ ሰው «ለእርሻ ወራት ላውስህ» ቢለው፣ ገበሬው እሺ ብሎ የፈረመ ቀን በሬው የነጂው መሆኑን በገዛ እጁ መሰከረ።

«እኛ ዘንድ ዓለም ሁሉ ያየዋል» ይላሉ። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ፤ አብዛኞቹ ከመቅደላ የሄዱ ናቸው። ለሕዝብ ግን አይታዩም፤ በዕቃ ቤት ተዘግቶባቸዋል። የማይታይና የማይቀደስበት ታቦት ለማን ተብሎ ይጠበቃል?

«ቴዎድሮስም ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ወስደዋል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ወስደዋል። ነገር ግን ወንድማማቾች በድንበር ስለ ተጣሉ እርሻው ለመንገደኛ አይሆንም። ጎንደርና ወሎ ቅሬታ ቢኖራቸው እዚሁ ተቀምጠው ይነጋገሩበታል።

«ሕግ ይከለክለናል» ይላሉ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ የወጣው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ ዝርፊያው በ95 ዓመት ይቀድመዋል። ሰው የሠራውን ሕግ ሰው ይለውጠዋል። በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ተመልሷል። የዐፄ ቴዎድሮስም ጠጉር በ2011 ዓ.ም. ከሎንዶን ተመልሷል። ሁለቱም የመጡት ሊቀሩ ነው እንጂ በውሰት አይደለም።

ከመቅደላ የሄዱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ግን ዛሬም በሎንዶን ናቸው። ሊቃውንቶቻችን የአባቶቻቸውን መጻሕፍት ለማንበብ የባዕድ ቪዛ ይለምናሉ፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ «ውሰት» የሚለውን ቃል አትቀበሉ፤ የተወሰደውን በስሙ ቆጥራችሁ ጠይቁ። ግዕዝንም ተማሩ፤ መጻሕፍቱ የተመለሱ ዕለት የሚያነባቸው ሰው ይጠብቃቸው።