«አትንኪው፣ ይበላሻል!»

እኛ አራት ነን። አራታችንም ጋዜጠኝነት ተምረን ተመርቀናል፤ ለአራታችን ያለን ግን አንድ ካሜራና ሁለት ሌንስ ነው። ቅዳሜ አንዷ ሠርግ ታነሳበታለች፣ እሁድ ሌላዋ ልደት፣ በአዘቦት ቀን ደግሞ ሥራ የቀናት ትይዘዋለች። እናላችሁ ባለፈው ዓመት፣ በአንድ የምርቃት ዋዜማ፣ ካሜራው አላነሳም አለ። ስክሪኑ ላይ የካሜራውና የሌንሱ ግንኙነት ችግር እንዳለበት የሚናገር፣ የሌንሱን ኮንታክት አጽዱ የሚል ጽሑፍ ወጣ። ምን አደረግን? ጽሑፉን አነበብን፣ ተያየን፣ ካሜራውን አቅፈን ወደ ጥገና ቤት ሮጥን።

ጠጋኙ ሌንሱን ተቀብሎ ከመጋረጃ ጀርባ ገባ። «ከባድ ነው እህቶቼ፣ ሰርኪዩቱ ነው» አለን። ሦስት ቀን አቆየው። 1,800 ብር ከፈልን። የምርቃቱም ሥራ አመለጠን። ከወራት በኋላ ያው ጽሑፍ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ኪሳችን ባዶ ስለነበር ብቻ የታዘዝነውን አደረግን፤ ካሜራውን አጥፍተን ባትሪውን አወጣን፣ ሌንሱን ነቀልን፣ ከኋላው የተደረደሩትን ወርቃማ ነጥቦች በንጹሕና ደረቅ የመነጽር ጨርቅ ቀስ ብለን ጠረግን። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ካሜራው ሠራ።

በጠጋኙ አልተናደድንም ብንል ውሸት ነው። የባሰ የተናደድነው ግን በራሳችን ነው። ማንበብና መጻፍ እንጀራችን የሆነው እኛ፣ ካሜራው ራሱ በጽሑፍ የነገረንን ለማድረግ ያልደፈርነው ለምንድን ነው?

መልሱን ብዙ አልፈለግንም። ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ፣ ሪሞቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው ያደግነው። መጀመሪያ ከተማርናቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ «አትንኪው፣ ይበላሻል!» ነው። ዩኒቨርሲቲ ስንገባም ዓረፍተ ነገሩ ተከትሎን ገባ። የክፍላችን ካሜራ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ኪስ ውስጥ ነበሩ። የሌንስን ክፍሎች ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ገልብጠን፣ ሸምድደን፣ ፈተና ላይ ጽፈን «ኤ» አግኝተናል። ሌንሱን ራሱን በእጃችን የያዝንባቸው ቀናት ግን በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። እንዳይበላሽ የተቆለፈው ካሜራ ባትሪው እዚያው እንደተቆለፈ ሞተ፤ እኛም ተመረቅን።

ሥሩ ከዚህም ይርቃል። በዚህ አገር በእጅ መሥራት ሲያሰድብ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ስድቡ ስለበዛ ነው። አዋጁ መቶ ዓመት ካለፈው ቆየ። ስድቡ ቢቀንስም «ለተማረ ሰው ካቻቪቴ መያዝ አይመጥነውም» የሚለው አመለካከት ዛሬም አለ። ሴት ስትሆኑ ደግሞ ይብሳል። «ወንድም የላችሁም እንዴ?» ተብለን ተጠይቀናል። አለን። እሱም ካቻቪቴ አይዝም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። በእጃችን ካለው ሌንስ ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ብልሽት ትንሽ ነው። የኮንታክቱን ነግረናችኋል። የዙሙ ጎማ ሰፍቶ ይንሸራተታል? አውልቁት፣ ሥሩን አጽዱ፣ ሁለቱም ፊቱ የሚያጣብቅ ቀጭን ፕላስተር ዙሩን አድርጋችሁ መልሱት። ሌንሱ ካሜራው ላይ ይነቃነቃል? መግጠሚያውን የያዙት ሦስት ወይም አራት ብሎኖች ላልተው ሊሆን ይችላል፤ ማጥበቅ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ምስጢር አለ። የጃፓን ካሜራዎች ብሎን የተለመደውን ባለመስቀል ብሎን ቢመስልም ጂአይኤስ በሚባል የጃፓን ደረጃ የተሠራ ነው። ሱቅ የምታገኙት ተራ ካቻቪቴ ከውስጡ እየተንሸራተተ የብሎኑን ራስ ይበላዋል። እኛ አንዱን ብሎን በልተን ነው የተማርነው።

ሌንሱ ውስጥ አቧራ ይታያል? ተዉት! ጥቂት ብናኝ ፎቶው ላይ አይታይም፤ «እናጽዳላችሁ» ብሎ የሚያስከፍላችሁ ሰው የሚያጸዳው ኪሳችሁን ነው። ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ ስታነሱ ጥቁር ነጥብ ከታየ ደግሞ ጥፋቱ የሌንሱ ሳይሆን ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው። በእጅ በሚጨመቅ የጎማ ነፊ ይነፋል፤ በአፍ አይነፋም፣ ምራቅ አለው። ሻጋታን በተመለከተ ቀድሞ መከላከል ይሻላል። ክረምት ሲገባ ሌንሱን ጨለማና እርጥበት ያለበት ቦርሳ ውስጥ አትርሱት። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ አውጥተን የምንጥላት እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሥራዋ ይኸው ነው።

«ብታበላሹትስ?» ለሚሉን፦ አበላሽተናል። አንድ አሮጌ ሌንስ ስንፈታ እንደ ወረቀት የቀጠነችውን፣ የስልክ ጠጋኞች ፍሌክስ የሚሏትን ኬብል በጥሰናል። ስለዚህ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። በሞተ ሌንስ ጀምሩ። እያንዳንዱን እርምጃ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን በተፈቱበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ለጥፉ። ድንበራችሁንም እወቁ። የመስታወቶቹን አቀማመጥና የንዝረት መከላከያውን አትንኩ፤ በጥቂቱ ከቦታቸው ቢዛነፉ ፎቶው ይደበዝዛል። ፍላሽ ያለውን የካሜራ አካል በፍጹም አትክፈቱ፤ የፍላሹ ካፓሲተር ባትሪው ወጥቶም ቢሆን 300 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ዋስትናው ያላለቀ ዕቃም እንዲሁ አይነካም።

«የጠጋኞችን እንጀራ ልትዘጉ ነው» የሚለን ሌላ ወገን አለ። ኮንታክት ጠርጎ 1,800 ብር መቀበል እንጀራ ነው ካላችሁን እንለያያለን። እውነተኛ ጠጋኝ እናከብራለን። እሱ ዘንድ የምንሄደው ለከባዱ ሥራ ነው፤ ምን እንደተበላሸ እኛም ስለምናውቅ የልፋቱን ዋጋ ሳንከራከር እንከፍላለን። መጋረጃ የሚያስፈልገው የኛን አለማወቅ ለሚሸጥ ሰው ነው።

መጋረጃው የኛ አገር ብቻም አይደለም። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ ለገለልተኛ ጠጋኞች መለዋወጫ መሸጥ አቁሟል፤ በ2020 ደግሞ ፈቃድ ከሰጣቸው ጥገና ቤቶች ጋር የነበረውን ውል እንዲያበቃ አድርጓል። እዚያ ሰዎች «የገዛነውን የመጠገን መብት አለን» ብለው ታግለው ሕግ አስወጥተዋል። የካሊፎርኒያው ሕግ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ፣ የጅምላ ዋጋው 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ ምርቱ ከቆመ በኋላም ለ7 ዓመት መለዋወጫና የጥገና መመሪያ እንዲቀርብ ያስገድዳል። ዶላር የሚያትሙት ለመብቱ ሲሟገቱ፣ ዶላር የማናገኘው እኛ ግን እጃችንን አጣጥፈን ተቀምጠናል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያን ቀን ሌንሳችን ሁለተኛ የማይገዛ ዕቃ ሆነ። አዲስ መግዛት ላልቻለ ሰው መጠገን ማወቅ ቅንጦት አይደለም። ሥራውን ይዞ የመቆየት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ለጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍሎች ነው። ቁም ሳጥኑን ክፈቱት። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ የሞተ ሌንስና አንድ ትክክለኛ ካቻቪቴ ስጧቸው፤ ይፍቱት፣ ይግጠሙት፣ ሁለት ብሎን ይትረፋቸውና እንደገና ይፍቱት። እናንተም አንባቢዎች፣ የሞተ ሌንስ ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። እኛ አራታችን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሠርግ ከሌለብን፣ ጠረጴዛችን ላይ ነጭ ጨርቅ እናነጥፋለን። መጋረጃ የለንም።