በእንቁላሉ ጊዜ

ስለ አጥፊ ልጆች በተወራ ቁጥር አንድ ተረት ይጠቀሳል። ሊሰቀል የቀረበ ሌባ እናቱን፣ «ምነው እማዬ፣ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ!» አላት ይባላል። ተረቱ የሚመዘዘው ታዲያ ሁልጊዜ ለዱላና ለካቴና ነው። «ይታሰርና ይማርበት!» ይከተላል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን «የሚናገረው ማነው? የሚናገረውስ ለማን ነው?» እያልኩ አሰለች ነበር። ይህንንም ተረት እንደዚያ እናንብበው። ሌባው ፖሊሱን አልወቀሰም፤ ዳኛውንም አልወቀሰም። አሳዳጊውን ነው የወቀሰው። «ለምን አላሳሰርሽኝም» አላለም። መቀጣት የፈለገው በሚወደው እጅ ነው። እኛ ግን የእናትን ሥራ ለወህኒ አስረክበን ስናበቃ ተረቱን ለምስክርነት እንጠራለን።

አነጋገራችንም ያስተዛዝባል። ሚሊዮን መዘበረ የተባለ ሹም ሲያዝ «ተጠርጣሪው» ነው፤ ጠበቃ አለው፣ ከረባት አለው። ሞባይል ነጠቀ የተባለ የ13 ዓመት ልጅ ግን ዳኛ ፊት ሳይቆም «ሌባ» ነው፤ «ዱርዬ» ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ሲል ዕድሜ መርጧል እንዴ?

ሕጉ እኮ ከእኛ ይሻላል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ልጁ ወዲያው በቅርብ ወዳለው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ጉዳዩ ከሕዝብ ዓይን ተሰውሮ እንዲሰማ፣ ቀጠሮ ቢሰጥ ለወላጁ ወይም ለታመነ ሰው እንዲሰጥ አዝዟል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉት ከጎልማሳ ወንጀለኞች ጋር እንዳይታሰሩ ይከለክላል። ለዳኛውም ተግሣጽን፣ ሕክምናን፣ በክትትል ማስተማርን፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት መወሰንን፣ ጠባይ ማረሚያ ማስገባትን ይሰጠዋል።

በወረቀት ይሰጠዋል! ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በመላ አገሪቱ የነበረው የልጆች ጠባይ ማረሚያ አዲስ አበባ ልደታ ያለው ብቻ ነበር። እስቲ የጎዴን ወይም የመተማን ዳኛ አስቡት። ማረሚያው የለ፣ ተከታታይ ባለሙያው የለ። የቀረው ወይ ልጁን እንዲያው መልቀቅ፣ ወይ ከጎልማሶች ጋር መዝጋት ነው። እዚያ ደግሞ በእንቁላል የገባ በሬ መንዳት ተምሮ ይወጣል።

«የተበደለችውስ?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ቦርሳዋን የተነጠቀችን ሴት እንባ የልጁ ዕድሜ አያብሰውም። ግን እስር ቤት ልጁን ምን ይጠይቀዋል? ቀን መቁጠር ብቻ! ማኅበራዊ ሠራተኛ የያዘው ልጅ የወሰደውን እንዲመልስ፣ የበደላትን ሴት ዓይን እያየ ይቅርታ እንዲጠይቅ፣ ትምህርት ቤት መዋሉን እንዲያሳይ ይጠየቃል። ለእኔ የሚከብደው ይኼኛው ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ሕፃን ማለት ከ18 ዓመት በታች ያለ ነው የሚለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ተቀብለናል። የወንጀል ሕጋችን ግን 15 ያለፈውን በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኛል፤ ዳኛው ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል፣ ሞት አይፈረድበትም፣ በቃ። በ15ኛ ልደቱ ማግሥት ልጅነት ተሟጠጠ ማለት ነው?

አይቻልም እንዳይባል፣ በአዲስ አበባ በፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች፣ በፍርድ ቤትም ለልጆች የተመቸ ችሎት ሲከፈቱ አይተናል። እኔ የምጠይቀው ይህ ከዋና ከተማ ወጥቶ ወረዳ እንዲደርስ ነው፦ ልጅ ማነጋገር የሠለጠነ ፖሊስ፣ ከመዝገቡ ቀድሞ የልጁን ቤት የሚያንኳኳ ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ እስከ 18 ዓመት የሚዘረጋ ከለላ። «በጀት የለም» የሚለኝ ሹም ካለ አንድ ነገር ይመልስልኝ፦ የወህኒው ግንብ በነፃ ነው እንዴ የተገነባው?