ቀድሞ የገባው ሌላ፣ ያሸነፈው ሌላ!

በፎርፌ ያሸነፈ ቡድን ደጋፊ ደስታው ሙሉ አይሆንም። ሰው ይስቅበታላ! የአሜሪካው ናስካር ግን ትልቁን የስቶክ ካር ውድድሩን ሀ ብሎ የጀመረው በዚህ ዓይነት ውጤት ነው።

ቀኑ ጁን 19 ቀን 1949 እ.ኤ.አ.፣ ቦታው ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ያለው ቻርሎት ስፒድዌይ የተባለ የአፈር ትራክ ነው። ዙሩ 1.2 ኪሎ ሜትር፣ መኪኖቹ 33፣ የሚዞሩት 200 ጊዜ። ደንቡ አጭር ነበር፦ መኪናው ከመደብር እንደወጣ መሆን አለበት፤ መነካካት የለም።

በ1947 ሞዴል ፎርድ ሦስት ዙር ቀድሞ የገባው ግሌን ደናዌይ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ከመኪናው ስር ሲገቡ ግን የኋላ ባሌስትራው ተነካክቶ ተገኘ። ያኔ ይህን የሚያሠሩት አረቄ በድብቅ የሚያመላልሱ ሰዎች ነበሩ፤ ጭነት ሲበዛ የመኪናው ኋላ እንዳይተኛ፣ ኩርባ ላይም እንዳይዋልል። ደናዌይ ተሰረዘ። የአንደኛው 2,000 ዶላር ለጂም ሮፐር ሆነ።

ሮፐር የካንሳስ ሰው ነው። ስለ ውድድሩ ያወቀው ጋዜጣ ላይ ከሚወጣ የካርቱን ታሪክ ነው ይባላል። ሊንከኑን ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ መጣና በዚያችው መኪና ተወዳደረ! ሞተሩ ለምርመራ ስለተፈታ ወደ አገሩ የተመለሰው ሌላ ሞተር አስገጥሞ ነው። በናስካር ከዚያ በኋላ የተወዳደረው አንዴ ብቻ ነው፤ 15ኛ ወጣ። አለቀ።

«ሁለት ውድድር የነዳ ሰው ምን ባለታሪክ ነው?» የሚሉ አሉ። እኔ በበኩሌ አልስማማም። ሮፐር ያድርግ የተባለውን አድርጓል፤ ከመደብር እንደወጣ ያለ መኪና ነዳ። የደናዌይ ነገርም ያሳዝናል፤ መኪናው የሱ ሳይሆን የሂዩበርት ዌስትሞርላንድ ነበር። ባለቤቱ 10,000 ዶላር ጠይቆ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉት። ደግ አደረጉ! ያን ቀን ባሌስትራው ቢታለፍ፣ በሚቀጥለው ውድድር ሞተሩን የነካካውን ማን ከልካይ ይኖረው ነበር?

የኔን ልብ የነካው ግን የሾፌሮቹ ነገር ነው። ውሳኔውን ተቀብለው፣ ከየሽልማታቸው አዋጥተው ለደናዌይ ሰጡት። ባዶ እጁን አልሸኙትም።

ትራኩ ራሱ ብዙ አልቆየም። በ1948 ተከፍቶ በ1956 ተዘጋ፤ በኋላ መሬቱን አውራ ጎዳና ወሰደው። ሮፐር በ2000 አረፈ። በናስካር መዝገብ የመጀመሪያው መስመር ላይ አሁንም ያለው የሱ ስም ነው።