የቦሎቄ ገበያና ያልተመዘነው ናይትሮጅን

ናዝሬት ላይ ስለ ነጭ ቦሎቄ ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠየቀው ዋጋውና ምንዛሪው ነው። እህሉ ከቦሰት፣ ከመቂና ከሻሸመኔ አካባቢ ተሰብስቦ፣ በአዳማ መጋዘኖች ተበጥሮና ተለቅሞ ለአውሮፓ የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካዎች መላክ ከጀመረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ለዚሁ ገበያ ሲባል ከከተማችን አጠገብ ያለው የመልካሳ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1990 አዋሽ-1ን፣ በ1999 ደግሞ አዋሽ መልካን ለቋል። ደረጃ የሚወጣው በቀለም፣ በመጠንና በባዕድ ነገር ነው። ከኩንታሉ ጋር አብሮ የሚጫነውን ናይትሮጅን ግን የሚመዝነው የለም።

«ቦሎቄ መሬት ያለማል» የሚለው አነጋገር ከደላላውም ከባለሀብቱም ይደመጣል። መሠረት አለው። በጥራጥሬ ሥር ላይ በሚታዩት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል። ይሁን እንጂ ቦሎቄ በዚህ ሥራ ከባቄላ ይሰንፋል። ከሚፈልገው ናይትሮጅን ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች የሚሆነውን ብቻ ከአየር ያገኛል፤ የቀረውን የሚስበው ከመሬቱ ነው።

እስቲ እንደ ነጋዴ እናስላው። የቦሎቄ ፍሬ ከመቶ 22 ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን፣ ከፕሮቲኑ ደግሞ ከመቶ 16 ገደማው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ አንድ ኩንታል ይዞ የሚወጣው 3.5 ኪሎ ያህል ነው። ከሄክታር 20 ኩንታል ያገኘ ሰው 70 ኪሎ ናይትሮጅን ሸጧል ማለት ነው። ባለ 50 ኪሎ የዩሪያ ከረጢት የሚይዘው 23 ኪሎ ስለሆነ፣ በጅቡቲ በኩል በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ሦስት ከረጢት ዩሪያ በፍሬው ውስጥ ተመልሶ ባሕር ተሻገረ። ተክሉ በጠቅላላ 100 ኪሎ ፈልጎ 40ውን ብቻ ከአየር ካገኘ፣ ገለባው እንኳ ማሳው ላይ ቢቀር መሬቱ በ30 ኪሎ ይከስራል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ቦሎቄ የሚሰበሰበው ከነሥሩ ተነቅሎ ነው፤ ገለባውም ለከብት ይሄዳል።

ይህን የምለው ቦሎቄ አትዝሩ ለማለት አይደለም። በቆሎና ጤፍ ሲፈራረቁበት ለደከመ፣ ነፋስና ጎርፍ ላጠበው የስምጥ ሸለቆ አሸዋማ አፈር ቦሎቄን በፈረቃ ማስገባት ከምንም ይሻላል፤ ከሌላው ሰብል ያነሰ ናይትሮጅን ከመሬት ይወስዳልና። ጥያቄዬ ሂሳቡን ማን ይከፍላል ነው። መቂና ዝዋይ አካባቢ መሬት ለአንድ ዓመት የተከራየ ባለሀብት የሚከተለውን ዓመት አፈር አያስብም፤ ኪራዩም አያስገድደውም። ገበሬው ግን እዚያው ነው። በእኔ አስተያየት የኪራይ ውል ከአንድ ዓመት ወደ ሦስት ቢረዝም፣ ሰብሉ ከሥሩ በላይ እንዲታጨድና ገለባው ወይም ምትኩ ፍግ ወደ ማሳው እንዲመለስ አንድ አንቀጽ ቢገባበት፣ ለሁለቱም ወገን ያዋጣል።

ሌላው ቀላል መንገድ ዘሩን በባክቴሪያ ማሸት ነው። መናገሻ ባዮቴክ የተባለው አገር በቀል ድርጅት የሚያመርተው ይህ ዱቄት ለሄክታር ግማሽ ኪሎ ያህል ይበቃል፤ ፎስፈረስ ባነሰው መሬት ግን ብቻውን ብዙ አይሠራም። ለግብዓት ነጋዴውም አዲስ ሸቀጥ ነው። ባክቴሪያው ሕይወት ያለው ስለሆነ ግን፣ እንደ ዩሪያ ጸሐይ በሚያግለው ቆርቆሮ ሥር ከከረመ ይሞታል። ገበሬው የሚገዛው ተራ ዱቄት ይሆንና በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም።