ወርቁን የሚያቆየው ሰሙ ነው

ወዳጆቼ፣ በተለይ በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ የተበተናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፤ ዛሬ ስለ ሰም ላወራችሁ ነው። ስለ ቅኔው አይደለም፤ ስለ ላብራቶሪው ሰም፣ ስለ ፓራፊን።

ባዮፕሲ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ማይክሮስኮፑ ነው። ቁራጩ ሥጋ ግን እዚያ እስኪደርስ ረጅም መንገድ አለው። መጀመሪያ መበስበሱ እንዲቆም ፎርማሊን ውስጥ ይቆያል። ከዚያ ከ70 በመቶ እስከ ንጹሕ አልኮል ደረጃ በደረጃ እያለፈ ውሃው ይወጣለታል። አልኮሉን ደግሞ ዛይሊን ያስወጣዋል። በመጨረሻም ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት የቀለጠ ፓራፊን ውስጥ ይገባና ውሃ በነበረበት ሁሉ ሰም ይሞላል። ሲቀዘቅዝ ብሎክ ሆኖ፣ በማይክሮቶም ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ስስ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ቀለም ይነከራል። ሰሙ ግን የደረሰበትን ይዞ ያቆያል እንጂ የበሰበሰውን አያድስም።

እንግዲህ ሮቢትን አስቡ። የራያ ቆላ ሙቀት ሥጋን ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ አይነገርም። ከአንዲት እናት ጡት የወጣ እብጠት በጓንት ተጠቅልሎ፣ ወይም ጠባብ ብልቃጥ ውስጥ ተጠቅጥቆ ወደ ደሴ ወይም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደ አዲስ አበባ ቢላክ ምን ይደርሳል? ፎርማሊን ቀስ ብሎ ነው የሚሰርገው፤ ዳሩ ሲደርቅ መሃሉ ይበሰብሳል። መልሱም «ናሙናው ለምርመራ አይሆንም» ይሆናል። እብጠቱ ወጥቷል፣ ሁለተኛ አይገኝም። ካንሰር ይሁን አይሁን እሷም ሐኪሟም ሳያውቁ ይቀራሉ።

ሁላችንም የምንጮኸው ለማሽን ነው። ማሽኑ ይምጣ፣ አልጠላም። ግን ቀዶ ሕክምና በሚሠራበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ እነዚህ ይኑሩ ባይ ነኝ፦

አፈ ሰፊ ዕቃና አስቀድሞ የተዘጋጀ 10 በመቶ ፎርማሊን፤ መጠኑም ቢያንስ የናሙናው 10 እጥፍ።

ስም የሚጻፈው በዕቃው ገላ ላይ እንጂ በክዳኑ ላይ አይደለም። ክዳን ይለዋወጣላ!

ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ለጡት ካንሰር የሆርሞን ምርመራ የሚመከረው ቆይታ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው፤ ካልተጻፈ ባለሙያው በምን ይወቅ?

የአንገት ዕጢ ሆኖ ቲቢ ከተጠረጠረ ደግሞ ከፊሉ ያለ ፎርማሊን በንጹሕ ዕቃ ለካልቸር ይሂድ፤ ፎርማሊን ባክቴሪያውን ይገድለዋል።

«በጀት የለም» የሚል አይጠፋም። ፎርማሊን ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ጓንትና አየር የሚገባበት ክፍል ይፈልጋል፤ ዋጋው ግን የማሽን ዋጋ አይደለም። የጎደለው ልማድ ነው።

ብሎኩም ይቀመጥ፣ አይጣል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አገራችንን የጨረሰውን «የኅዳር በሽታ» ታውቁታላችሁ። ያው ወረርሽኝ የገደላቸው የአሜሪካ ወታደሮች የሳንባ ቁራጭ በፓራፊን ተቀምጦ ነበር፤ ወደ 80 ዓመት ገደማ ቆይቶ በ1997 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቶች የቫይረሱን ዘር ቁርጥራጭ ከዚያ አነበቡ። በደንብ የተያዘ ብሎክ ከሐኪሙም ከታካሚውም ዕድሜ ያልፋል።

ልጆቼ፣ ነገ ሥራ ስትገቡ የፎርማሊኑን ዕቃ እዩት። ባዶ ከሆነ ቀዶ ሕክምናው ሳይጀመር ጠይቁ፤ ካለቀ በኋላ መጠየቅ ለዚያች እናት ምንም አይጠቅማትም።