ሦስት ቀለም፣ አንድ ሞተር

የዛሬው ጨዋታ ስለ አገር አቋራጭ ሞተር ሳይክል ነው። «እኔ የታክሲ ሰልፈኛ ምን አገባኝ?» ብላችሁ እንዳታልፉት፤ መጨረሻው ላይ ባጃጅ አለ።

ባለፈው ሁለት ጓደኞቼ ማኪያቶ ይዘው ተጣሉ። አንዱ «ኬቲኤምን የሚደርስበት የለም» ይላል፣ ሌላው «ሀስክቫርና እያለ!» ይላል። የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊ ነው የሚመስሉት። እኔ ሳቄ መጣ። የሚጣሉት እኮ በአንድ ቤት ልጆች ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሀስክቫርና ስዊድን ውስጥ ሞተር ሳይክል መሥራት የጀመረው በ1903 ነው። በ1987 ለጣሊያኑ ካጂቫ ሲሸጥ፣ አገራችንን አንለቅም ያሉ መሐንዲሶች ሁሳበርግ የሚባል የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ። እሱንም በ1995 የኦስትሪያው ኬቲኤም ገዛው። ሀስክቫርና ራሱ በ2007 ቢኤምደብሊው እጅ ገባ፤ በ2013 ደግሞ የኬቲኤም አለቃ ስቴፋን ፒረር ወሰደው። ያኔ ሁሳበርግ የሚለው ስም ተቀበረ። ከ2019 ጀምሮ የስፔኑ ጋዝጋዝም ወደዚያው ቤት ገባ።

ከዚያ በኋላ ብርቱካናማ፣ ነጭና ቀይ ፕላስቲኩን ብትገፉት ከሥር የምታገኙት ያንኑ ሞተርና ያንኑ ዋና ቻሲስ ነው። ሾክ አብዞርበሩም የዚያው ቡድን ከሆነው ደብሊውፒ የመጣ ነው። ሆንዳ በ2020 እና በ2021 ዳካርን ካሸነፈ በኋላ፣ በ2022 ሳም ሰንደርላንድ በጋዝጋዝ ድሉን ሲወስድ «አዲስ ስም አሸነፈ» ተባለ። ቀዩ ፕላስቲክ ሥር የነበረው ግን የኬቲኤም ዕውቀት ነው።

ልዩነት የለም አልልም። በኤንዱሮ ሞዴሎች ኬቲኤም የኋላውን ሾክ ጎማውን ከሚይዘው ክንድ ጋር በቀጥታ ሲያስረው፣ ሀስክቫርና በመሀል ማያያዣ አንጓ ያስገባል። ድንጋይ ላይ ስትነዱት ይለያል። ጋዝጋዝ ደግሞ አንዳንድ ዕቃ በርካሽ ተክቶ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ነበር። ለዚህ ልዩነት መክፈል ያስኬዳል። ለቀለም መክፈል ግን ምን የሚሉት ነው?

ዕቃ መጋራት በራሱ ኃጢአት አይደለም። አዲስ ሞተር ቀርጾ ማውጣት ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው መሆኑም ለነጂው በረከት ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ገዢው ምርጫ ያለው ይመስለዋል፤ ሦስት መደብር ዞሮ የሚመለሰው ወደ አንድ ካዝና ነው። ሁለተኛ፣ ቤቱ ሲንገዳገድ ሦስቱም አብረው ይንገዳገዳሉ። በኖቬምበር 2024 ኬቲኤም ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት ሄደ፤ ማቲግሆፈን ከተማ ያለው ፋብሪካም ሥራ አቆመ። በፌብሩዋሪ 2025 አበዳሪዎች ከገንዘባቸው 30 በመቶውን ብቻ ለመቀበል ተስማሙ። ነጩን የመረጠም፣ ቀዩን የመረጠም ከብርቱካናማው ጋር አብሮ ተጨነቀ።

ማን አዳናቸው? ባጃጅ! አዎ፣ ሰፈራችሁ ድረስ የሚያደርሳችሁ የባለሦስት እግሩ አባት። ከ2007 ጀምሮ ባለአክሲዮን የነበረው የህንዱ ኩባንያ ገንዘቡን አፍስሶ በ2025 ቤቱን ተረከበ።

እኛ ጋ ባለሦስት እግር ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ ስሙ ባጃጅ ነው። እነሱ ጋ ደግሞ አንዱ ዕቃ ሦስት ስም አለው። በሁለቱም በኩል ስም ያታልላል። ስለዚህ ሞተር የምትገዙ ካላችሁ፣ አርማውን ከማየታችሁ በፊት «ከሥሩ ያለው የማነው? መለዋወጫውስ የት ይገኛል?» በሉ። ጓደኞቼን እንደሆነ አስታርቄያቸዋለሁ፤ የማኪያቶውን ሒሳብ ግን እኔ ከፈልኩ።